የአዋሽ ባቡር ጣቢያ፤ ፈጣኑና ቀርፋፋው የተጠባበቁበት ስፍራ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ጓደኞቻችን ስለ ታላላቅ ነገሥታትና ስለ ታላላቅ ጦርነቶች እንደሚጽፉ እናውቃለን። እኛ ግን ስለ አንድ የገጠር ባቡር ጣቢያ ለመጻፍ መረጥን። ጣቢያው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ዘውድም አልተጫነበትም። ሆኖም የአገር ታሪክ በዋና ከተማ ብቻ የሚሠራ አይደለም። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ፥ ጓዙን ከእግሩ አጠገብ አስቀምጦ፥ «ከዚህ ወዲያ በምን እሄዳለሁ?» ብሎ በሚጠይቅበት ስፍራም ይሠራል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ፈጣን ባቡር በገጠር ውስጥ ሲያልፍ ለገጠሩ ሰው የሚተርፈው ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ የሚሻል አስተማሪ አላገኘንም፤ ስለ ባቡር ፍጥነት በጎና ክፉ የሆነው ነገር ሁሉ በዚያ ስፍራ አንድ በአንድ ታይቷልና።

በመጀመሪያ ስለ ስፍራው ጥቂት እንናገር። አዋሽ በአፋር ክልል፥ በስምጥ ሸለቆው ቈላ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ከደጋው የሚወርድ መንገደኛ ካፖርቱን ለብሶ ተነሥቶ አዋሽ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። በከተማይቱ አጠገብ የአዋሽ ወንዝ ምድሩን በርብሮ ጥልቅ ገደል አበጅቷል፤ ባቡሩም ያን ገደል በድልድይ ካልተሻገረ ወደ ባሕር ሊደርስ አይችልም። በዙሪያዋ አፋሮች፥ ከረዩዎች፥ ኢቱዎችና አርጎባዎች ከብታቸውን እያሰማሩ፥ አንዳንዶቹም እያረሱ ይኖራሉ። የአዋሽ ሰባት ኪሎም የጎረቤቷ የአዋሽ አርባም ስም ከቍጥር ጋር የተያያዘ መሆኑ ሰሚን ሁሉ የሚያስገርም ነው።

ከባቡሩ በፊት ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ የሚመጣው ዕቃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ተመልክተው በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ በመሆኗ ባቡሩ ወደ እርሷ ለመውጣት አልቻለም፤ ስለዚህ በተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ በቀለ። የባቡር ጣቢያ ከተማን ለመውለድ እንደሚችል አገራችን መጀመሪያ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ የአውሮፓ መንግሥታትም ባቡሩ በማን እጅ ይሁን በማለት ይከራከሩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ፤ ሐዲዱም በረሃውን አቋርጦ፥ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ፥ ዳገቱን ወጥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህን ለመሥራት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ልጁን ሥራው ሲጀመር የወለደ ሰው፥ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ልጁን ለመዳር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣቢያው እንመለስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚደረገው ጕዞ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሲሆን፥ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በአዋሽ፥ ሁለተኛውን በድሬዳዋ ያድር ነበር። ከዚህ የተነሣ በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ቡፌና ማደሪያ ተሠራ፤ ዲፕሎማቱም፥ ነጋዴውም፥ የሩቅ አገር ጐብኚውም ሁሉ ወደዱም ጠሉም የአዋሽ እንግዶች ሆኑ።

ይህን ነገር በጥንቃቄ እንመልከት። ባቡሩ ቀርፋፋ በመሆኑ ሀገሬው ተጠቀመ። የሚያድር ሰው ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይታጠባል፤ ዕቃውን የሚሸከምለት ይፈልጋል። ወተት ያላት ሴት ወተቷን፥ ፍየል ያለው ሰው ፍየሉን ይዞ ወደ ጣቢያው ይመጣል። የጣቢያው ሹም ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ ጣቢያው ገበያ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከላይና ከታች የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ጣቢያ ላይ፥ ተጨማሪ ሐዲድ በተዘረጋበት ስፍራ ብቻ ነው። አንዱ ገለል ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የቆመው ይነሣል። ሁልጊዜም የሚጠብቀው የዕቃ ባቡሩና በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ነው፤ የሚያልፈውም ፈጣኑ ነው። በዚህ ዓይነት አነስተኛው ጣቢያ የፈጣኑ ባቡር አገልጋይ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ሳይጠብቅ ቢነሣ በመንገድ ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ስለዚህ ፈጣኑ ፈጥኖ የሚሄደው በራሱ ኃይል ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ሌላው ስለ ጠበቀለትም ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣልያን ወረራ የተነሣ አገራቸውን ትተው በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በማግሥቱም ደረሱ። ተራው መንገደኛ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን መንገድ ያ የኀዘን ባቡር በሁለት ቀን ውስጥ ፈጸመው። አምስት ዓመት ቆይቶ፥ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም.፥ ጣልያኖች በተራቸው ሲሸሹ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሱ። የሚያሳድዳቸውም ጦር ወንዙን በሌላ ዘዴ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። እንግዲህ ድልድይ ለሚመጣም ለሚሸሽም አንድ ነው፤ ድልድይ ሲፈርስ ግን በመጨረሻ የሚጐዳው በዚያ የሚቀረው ሕዝብ ነው።

ፈጣን የሚባል ባቡር ወደዚህ መሥመር የገባው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። የጣልያኑ ፊያት ኩባንያ የሠራቸው፥ በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ቀላል ፉርጎዎች መጡ፤ እነዚህም በፈረንሳይኛው አጠራር ኦቶራይ ይባላሉ። እንደ እንፋሎቱ ባቡር ረዥም ጭነት አይጐትቱም፤ መንገደኛ ይዘው ይፈጥናሉ። ከነጻነት በኋላም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች የእንፋሎቱን ይተኩ ጀመር። የእንፋሎት ባቡር ውሃ በየጣቢያው ይጠማዋል፤ የናፍጣው ግን ግመል እንደ ጠጣ በረሃውን ያቋርጣል። የማታ ባቡርም ተጀመረ። መንገደኛው በምሽት ተሳፍሮ፥ ተኝቶ፥ በማለዳ ድሬዳዋ ላይ ይነቃል።

ለመንገደኛው ይህ ታላቅ ደስታ ነበር፤ እኛም አንነቅፈውም። ሦስት ቀን በሙቀትና በጢስ ውስጥ መቀመጥ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ነገር ግን አዋሽ ሌሊቷን አጣች። ቀድሞ ሁሉም የሚያድርባት ጣቢያ፥ አሁን መንገደኛው በእንቅልፍ ላይ ሳለ የሚያልፋት ሆነች። ከዚህ ላይ አንድ ሕግ እናገኛለን፤ ፍጥነት በጨመረ ቍጥር በመካከል ያለው ስፍራ ያንሳል። ሁለቱ ዳርቻዎች ይቀራረባሉ፤ መካከሉ ይረሳል።

ፍጥነት ከዚህ የከፋ ዋጋም አስከፍሏል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከአዋሽ አቅራቢያ፥ ሐዲዱ በሚጠማዘዝበት ድልድይ ላይ ፈጣኑ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ። ባቡሩ ወደ ጥምዝምዙ ሲገባ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ መቶ ሰዎችም ቈሰሉ። በአፍሪቃ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፥ የአንድ ተሽከርካሪ ፍጥነት በጥምዝምዝ ላይ እጥፍ ቢሆን፥ መንገዱን እንዳይስት ይዞ የሚያዞረው ኃይል አራት እጥፍ መሆን አለበት። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው አንድ የሒሳብ ቀመር ነው። በአዋሽ ግን ቀመሩ የሰው ነፍስ ነበር። በዚያ ባቡር ውስጥ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ፥ ለንግድ የሚሄድ፥ ልጇን ያዘለች እናት እንደ ነበሩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ያ የፈሰሰው ግን የማይለቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄደ። ሐዲዱ አረጀ፤ መለዋወጫ ጠፋ፤ የጭነት መኪና በአስፋልቱ ላይ ቀደመው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎት ቆመ። በጣቢያው መጠበቅ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ነገር አጣ።

በእርሱ ፈንታ በቻይና ኩባንያዎች እጅ አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ተሠራ፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ይህ ባቡር መንገደኛ ይዞ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታቀደ ነው። በዓለም ላይ «እጅግ ፈጣን» ተብለው ከሚጠሩት ባቡሮች ጋር አይደረደርም፤ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ግን የንስርና የኤሊ ያህል ነው።

ታዲያ አሮጌውና አዲሱ ለምን አይገናኙም? የዚህ ምላሽ በሐዲዱ ስፋት ላይ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 435 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ነው። ቢሆንም የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ከቶ ሊሄድ አይችልም። ይልቁንም አዲሱ መንገድ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ስለ ተፈለገ፥ ከጣቢያዎቹ ብዙዎቹ ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠርተዋል። አሮጌው ጣቢያ በድሬዳዋ እምብርት ላይ ነው፤ አዲሱ ግን ከከተማው ውጭ ነው። በአዲስ አበባም ለገሃር መሐል ከተማ ሲሆን፥ አዲሱ የመሳፈሪያ ጣቢያ በለቡ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ባቡር በመንገድ ላይ ያተረፈውን ሰዓት፥ መንገደኛው ጣቢያ ለመድረስ መኪና ሲፈልግ ሊያጠፋው ይችላል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር ነው ብለን እንዳናዝን፥ ፈጣን ባቡርን ለዓለም ያስተማረችውን ጃፓንን እንመልከት። በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር ጃፓኖች ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ከፈቱ። ይህም ባቡር እንደኛው አዲስ መንገድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የአገሩ የቀድሞ ባቡር ግን 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። እነርሱም ዘንድ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ላይ አይሄድም ማለት ነው።

በዚያ መሥመር ላይ ጊፉ ሐሺማ የሚባል ጣቢያ አለ። በተከፈተ ጊዜ ዙሪያው የሩዝ እርሻ ነበር። የአካባቢው ታዋቂ ፖለቲከኛ ኦኖ ባንቦኩ ስለ ጣቢያው ብዙ እንደ ደከመ ስለሚነገር፥ ሐውልቱ ከሚስቱ ሐውልት ጋር በጣቢያው ፊት ቆሞ ይታያል። ጣቢያ ተገኘ፤ ፈጣን ባቡርም መጣ። ሆኖም ከፈጣኑ ባቡር የሚወርደውን ሰው ተቀብሎ ወደ አካባቢው ከተሞች የሚያደርስ የአገር ቤት ባቡር እዚያ አልነበረም። ይህ የተገኘው በ1975 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የጎደለው ሐዲድ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ይህን አጭር ሐዲድ አንድ ተማሪ በሩብ ሰዓት በእግሩ ሊጨርሰው ይችላል፤ ያን ለመዘርጋት ግን 18 ዓመት ተጠበቀ። ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ፈጣን ሐዲድ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ለእርሻው አገር ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሐዲድ እርሱ ነበር።

ይህን ካየን በኋላ ወደ አዋሽ ስንመለስ ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። በየካቲት ወር 2007 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መንገድ በአንድ የቱርክ ኩባንያ እጅ ተጀመረ። በዚህ ዕቅድ አዋሽ እንደገና መጋጠሚያ ትሆናለች፤ ከወሎ የሚመጣው ከጅቡቲ ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በእርሷ ዘንድ ነውና። የመጀመሪያው ክፍል ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል አለመድረሱ ሥራውን አዘገየው፤ በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ጦርነትም በሰሜኑ በኩል ጕዳት አደረሰበት። ታሪክ በአዋሽ ላይ ራሱን የሚደጋግም ይመስላል፤ የመጀመሪያውም ባቡር በገንዘብ ማጣትና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት በድሬዳዋ ለዓመታት ቆሞ ነበር። ቢሆንም በመጨረሻ አዲስ አበባ ገብቷል።

አንዳንድ ሰው «አሮጌው ባቡር ይሻል ነበር፤ ቢያንስ በየመንደሩ ይቆም ነበር» ሲል እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ሦስት ቀን የፈጀውን ጕዞ መመለስ የሚሻ፥ ታማሚውን ወደ ሐኪም ለማድረስ ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሌላውም «ፈጣኑ ባቡር ከመጣ ሁሉ ነገር መጣ» ይላል። በዚህም አንስማማም፤ ፈጣን ባቡር በደጁ ሲያልፍ አቧራውን ብቻ የሚቀበል መንደር ከሥልጣኔው ያገኘው ጩኸቱን ብቻ ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የገጠር ጣቢያ ዋጋ የሚለካው በሚያልፍበት ባቡር ፍጥነት ሳይሆን፥ ከዚያ የወረደው ሰው ቤቱ እስኪገባ በሚያገኘው መንገድ ነው። ስለዚህ ፈጣኑን ባቡር የሚያቅድ መሐንዲስ በዚያው ወረቀት ላይ የአውቶቡሱን ማቆሚያ፥ የገበያውን ስፍራ፥ የእግረኛውን መንገድና ቀርፋፋውን ባቡር አብሮ ሊነድፍ ይገባዋል። ሁለቱም የሚነሡበት ሰዓት የተስማማ ይሁን፤ ፈጣኑ ሲደርስ ቀርፋፋው ጠብቆ ይገኝ። ጥምዝምዙ ላይም የቱንም ያህል ቢያስቸኩል ፍጥነት ይቀነስ፤ ይህን የአዋሽ ሙታን አስተምረውናል።

ከእኛ መካከል በሚመጡት ዓመታት መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ አስተማሪ፥ አስተዳዳሪ የሚሆኑ አሉ። ምናልባትም አንዱ የባቡር ጣቢያ ይሠራ ይሆናል። ያ ሰው ካርታውን ሲዘረጋ በሁለቱ ዳርቻዎች ያሉትን ታላላቅ ከተሞች ብቻ እንዳይመለከት አደራ እንላለን። ጣቱን በመካከል ባለችው አነስተኛ ነጥብ ላይ ያሳርፍ፤ በዚያች ነጥብ ላይ ወተቷን ይዛ ባቡር የምትጠብቅ ሴት እንዳለች ያስታውስ። ባቡሩ ቆሞ ወተቷን የሚገዛት መንገደኛ ከወረደ፥ መንገዱ በእውነት ለአገር ተሠርቷል ማለት ነው።